ስለ ፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት ሥልጠና ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፡ ትምህርት ሚኒስቴር
ለ፡ ጤና ሚኒስቴር
ለ፡ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፡ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በዶክትሬት ደረጃ ስለማሠልጠን

ክቡራንና ክቡራት፣

በጅማ ከተማ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በዶክትሬት ደረጃ ይሠልጥን የሚለው ሐሳብ በባልደረቦቼ መካከል በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ዶክተር» ተብለን እንጠራ ወይስ አንጠራ በሚለው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ሥርዓተ ትምህርት የምትቀርጹት፣ የምታጸድቁትና ተመራቂውን የምትቀጥሩት እናንተ በመሆናችሁ፣ መጠሪያውን ለጊዜው ወደ ጎን ብዬ ሥልጠናው ምን መያዝ እንዳለበት ከሥራው ላይ ሆኜ ያየሁትን ላቀርብላችሁ ወደድሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ የዶክትሬት ሥልጠናውን እደግፋለሁ። የምደግፈው ግን የሚጨመሩት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚያልፉ ከሆነና ተመራቂው ከመመረቁ በፊት የሚቀጠርበት መደብ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ከሆነ ነው።

ወደ ክፍላችን የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «ልታሽ ነው የመጣሁት» ይላል። አልቀየመውም። ሕዝባችን አጥንት ሲሰበር፣ ወለምታ ሲይዘው፣ ወገቡ አላጎነብስ ሲለው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ወጌሻን ነው፤ ወጌሻ ደግሞ ያሻል፣ ይጎትታል፣ ያስራል። ቅር የሚለኝ አንዳንድ ሐኪሞችም በሚልኩልን ወረቀት ላይ ሌላ ምንም ሳያክሉ «ለማሳጅ» ብለው መጻፋቸው ነው። የፊዚዮቴራፒስት ሥራ ግን የሚጀምረው ከምርመራ ነው፤ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ ጡንቻው ምን ያህል ኃይል እንዳለው፣ የነርቩ ስሜት የት ላይ እንደሚቋረጥ ይለካል። ከዚያ በኋላ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የሰነፈበትን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መራመድ ማድረስ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛውን አክታውን እንዲያወጣና ሳንባው እንዲከፈት መርዳት፣ እግሩ የተቆረጠው ሰው ሰው ሠራሽ እግር ከመግጠሙ በፊት የቀረው የእግሩ ክፍል እንዳይኮማተር መጠበቅ ይከተላል። እጅ የማያርፍበት፣ ዓይንና ጥያቄ ብቻ የሚሠሩበት ቀንም ብዙ ነው።

የዶክትሬት ሥልጠናን እንድደግፍ ያደረገኝ በራሴ የደረሰ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአጋሮ በኩል አንድ የቡና ተሸካሚ «የወገብ ሕመም፣ ፊዚዮቴራፒ ይደረግለት» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። አንድ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ ይህን ዕድሜ ልኩን ሲሸከም የኖረ ሰው ወገቡን ቢያመው ማን ይገረማል? እኔም አልተገረምሁም። በሙቀት ጀመርሁ፣ ጀርባ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየሁት፣ ሸክም ሲያነሣ ጉልበቱን እንዲያጥፍ መከርሁት። በየሳምንቱ ትንሽ ተሻለኝ እያለ በትሕትና ያመሰግነኝ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት «እግሮቼ እንደ ጥጥ ሆኑብኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ልብሱ እንደሰፋው፣ ሌሊት በላብ እየተጠመቀ እንደሚነቃ፣ ሕመሙ ተኝቶም እንደማይተወው ጠይቄ ያወቅሁት። በምስል ሲታይ የጀርባ አጥንት ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ አጥንቱ ተንዶ ሕብለ ሰረሰሩን መጫን ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ወስዶ ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፤ ሸክሙ ግን ቀርቷል።

በትምህርት ቤት ስለ ጀርባ አጥንት ቲቢ አልተማርሁም ማለቴ አይደለም። ተምሬአለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ያላገኘሁት፣ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ አጠገብ ቆሞ «ስለ ሌሊቱ ጠየቅኸው? ክብደቱስ?» የሚለኝ ልምድ ያለው ሰው ነው። የተግባር ልምምድ በሚባለው ጊዜ አሥራ ሁለት ሆነን አንድ አልጋ ከበን እንቆም ነበር፤ ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጋዋን ነው።

ዶክትሬቱ በሌላ አገር እንዴት እንደተጀመረ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ ወደ ሙያው መግቢያ የሚሆነውን የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1993 በነብራስካ የሚገኘው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ደግሞ በዚያ አገር ዕውቅና ያላቸው የፊዚዮቴራፒስት ማሠልጠኛዎች ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ እንዲሆኑ ተደርጓል። ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ይገባና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይማራል፤ የሰው አካልን ከፍቶ ማጥናት፣ የእንቅስቃሴ ሳይንስ፣ የነርቭ ሳይንስ፣ የመድኃኒት ጠባይ፣ የራጅና የኤምአርአይ ምስል ንባብ፣ የሕፃናት፣ የልብና የሳንባ ተሃድሶ በውስጡ አሉ። ከሥልጠናው አንድ አምስተኛ የሚሆነው በሕክምና ቦታ የሚሰጥ ሲሆን፣ የመጨረሻው ረጅም የተግባር ቆይታ በአማካይ ከስድስት ወር ያላነሰ ነው። ከዚያም አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የሚሠራበት ግዛት ነው። ይህ ዲግሪ ከምርምር ዶክትሬቱ፣ ከፒኤችዲው ይለያል፤ እንደ ሕክምና ዶክትሬት ሁሉ ሰው ለማከም የሚያዘጋጅ የሙያ ዲግሪ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ስለሚምታቱ አንዳንዶች «መመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ ሐኪም ሊሆን ነው ወይ?» እያሉ ሲሳለቁ ሰምቻለሁ።

አሜሪካኖቹ ደረጃውን ከፍ ያደረጉበት አንዱ ዋና ምክንያት፣ ሕመምተኛው የሐኪም ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድ መቻሉ ነው። ዛሬ በ50ዎቹም ግዛቶች፣ ገደቡ ከግዛት ግዛት ቢለያይም፣ ይህ ይፈቀዳል። ማንም ሳያጣራለት ሕመምተኛ የሚቀበል ባለሙያ የራሱ ያልሆነውን በሽታ፣ ማለትም ቲቢውን፣ ካንሰሩን፣ ሽንትን የሚያግደውን የነርቭ መጨናነቅ ለይቶ ወደሚመለከተው መላክ አለበት። ይህ ምክንያት ከእነርሱ ይልቅ ለእኛ ይበልጥ ይሠራል። በወረቀት ደረጃ ሕመምተኛው በሐኪም በኩል ይመጣል፤ በእውነቱ ግን ከወጌሻ ቤት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ደግሞ በአንድ መስመር ጽሑፍ ወደ እኛ ሲደርስ በሚገባ የመረመረው ሰው ላይኖር ይችላል። የእኔ ሕመምተኛ እንደዚያ ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ የአሜሪካውን ሞዴል እንዳለ እንቅዳ አልልም። እዚያ ተመራቂው ከከባድ የትምህርት ዕዳ ጋር እንደሚወጣ ራሳቸው የሙያው ሰዎች የሚያነሡት ቅሬታ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ የሙያው ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ ያለ ቢሆንም ዛሬም ባለሙያው በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ ይጀምራል፤ ስለዚህ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት የሚወጣው በዶክትሬት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ፓኪስታን ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥሎ በአምስት ዓመት የሚያልቅ የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት ትሰጣለች። ለእኛ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ የሕክምና ተማሪዎቻችንም የሚሠለጥኑት ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥለው ሳያቋርጡ ነውና። ለአዲስ ገቢው አንድ የተያያዘ ሥልጠና፣ ለእኛ ለነባሮቹ ደግሞ የሠራንበት ዘመን የሚታሰብልን አጭር የማሸጋገሪያ ሥልጠና ቢዘጋጅ ገንዘቡም ጊዜውም ይቆጠባል። ዘጠኝ ዓመት ስትሮክ ሲያስታምም የኖረን ሰው እንደ ጀማሪ ከአንደኛ ዓመት አስቀምጦ የክንድ አጥንት ስም ማስቆጠር ለማንም አይበጅም።

ፍላጎቱ ስለመኖሩ ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 2.4 ቢሊዮን የሚሆን ሰው የተሃድሶ ሕክምና ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር አለበት፤ ይህም ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ26ኛው አንቀጹ አገሮች ተሃድሶን እንዲያደራጁና የባለሙያዎቹን ሥልጠና እንዲያስፋፉ ያስገድዳል።

ከዚህ ይልቅ ልዘገይበት የምፈልገው የተግባር ሥልጠናው የት እና እንዴት ይሰጥ በሚለው ላይ ነው። ጅማ ለዚህ የተመቸች ናት። የከተማዋ ሕክምና ማዕከል ወደ 15 ሚሊዮን ለሚሆን የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ደጅ ነው፤ ከከፋ፣ ከቤንች፣ ከኢሉባቦር፣ ከበደሌ ሁሉ ሪፈር የተጻፈለት ይመጣል። ከዚህም በላይ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ ማስተማርን መለያው አድርጎ ይዞታል። የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪ ጤና ጣቢያ ወርዶ፣ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ችግር ለይቶ ይመለሳል። የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት በዚህ ወግ ውስጥ ቢሠራ የሚያገኘውን በየትኛውም ዘመናዊ ላቦራቶሪ አያገኝም።

ምሳሌ ልስጥ። እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የሚወለድ ሕፃን ከሺህ ውልደት አንድ ያህል ነው። ሕክምናው የታወቀ ነው፤ በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ ይቃናል፣ ብዙ ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይላቀቃል፣ ከዚያም ሁለቱን እግር በዘንግ የሚያያይዝ ጫማ መጀመሪያ ለሦስት ወር ያህል ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎም ሕፃኑ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሌሊት ሌሊት ይታሰራል። በሆስፒታል የሚያልቀው የጄሶው ሥራ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ገጠሩ፣ ወደ ጌራ ወይም ወደ ሊሙ የሚሄደው ጫማው ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ አያት «ልጁን አታሠቃዩት» ትላለች፣ ጫማው ይወልቃል፣ ከዓመት በኋላ እግሩ ተመልሶ ተቆልምሞ ይመጣል። ይህን ከመጽሐፍ የተማረ ተማሪ እናቲቱን ይቆጣል። ሦስት ሳምንት ጌራ ተቀምጦ፣ የትራንስፖርቱን ዋጋና የቡና ለቀማውን ወራት አይቶ የተመለሰ ተማሪ ግን ቀጠሮውን ከለቀማ በኋላ ያደርግላታል፤ አያትየዋንም አብራ እንድትመጣ ይጠራታል።

የወጌሻም ነገር እንዲሁ ነው። ክንዱ የተሰበረ ልጅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ ደሙ ሲቋረጥ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፤ ሲመጣም የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ይሆናል። ይህን ያየ ሁሉ ወጌሻን ማውገዝ ይቀናዋል፤ እኔም አውግዤ አውቃለሁ። ሰው ግን ወደ ወጌሻ መሄዱን አልተወም፤ ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ያምነዋል፣ ዋጋውም ይቻላል። ስለዚህ የዶክትሬት ተማሪው በአንድ የገጠር ቆይታው ከአካባቢው ወጌሾች ጋር ተቀምጦ፣ ካሰሩ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ወዲያው ፈተው ልጁን እንዲልኩ ማስተማር የሥልጠናው አካል ይሁን፤ ውጤትም ይሰጥበት። በዚህ ብቻ የስንት ልጅ ክንድ እንደሚተርፍ እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በሆስፒታሉም ውስጥ ቢሆን ተማሪው ከፊዚዮቴራፒ ክፍሉ መውጣት አለበት። በተኙ ሕሙማን ክፍል የስትሮክ ሕመምተኛን አስታማሚዎቹ በደከመው ክንዱ ጎትተው ሲያስነሡት በየቀኑ ይታያል፤ በፍቅር ነው የሚያደርጉት፣ ትከሻው ግን ከቦታው ይንሸራተትና ዕድሜ ልክ የሚያም ይሆናል። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያልተነገራቸው ቤተሰቦች የጀርባ ቁስል ይዘው ይመለሳሉ። እነዚህን ለማረም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በማለዳ ዙር ላይ ከሐኪሙና ከነርሷ ጎን የሚቆም፣ የሚሰማ፣ ካስፈለገም የሚከራከር ፊዚዮቴራፒስት ያስፈልጋል። የዶክትሬቱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዙሩ ላይ ቆሞ ለመናገር የሚያበቃ እውቀትና ልብ ይሰጣል።

ቋንቋውን ሳላነሣ አላልፍም። እኛ የምናዘው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴ ደግሞ በቃል ይታዘዛል። በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ የሚያስብ ተማሪ፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገሩ አንድ አባት «ተረከዝዎን መጀመሪያ ያሳርፉ፣ ክብደትዎን ወደ ግራ ያዙሩ» ማለት ካልቻለ ዲግሪው ከበሩ ውጭ ይቀራል። በጅማ የሚሠለጥን ሁሉ ቢያንስ የሕሙማን ክፍል አፋን ኦሮሞን በፈተና እንዲያልፍ ይደረግ።

ማን ያስተምር የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው፤ አለማንሣቱ ግን አያቀለውም። ከውጭ አገር ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ይጠቅማሉ፤ እኔም ከእነርሱ ተምሬአለሁ። ተማሪው ግን በመስከረም እጁን ያየለት ሰው በግንቦትም አጠገቡ እንዲኖር ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪ ከመቀበል በፊት የሆስፒታል ባለሙያዎች እንደ ተግባር አሠልጣኝ ተመርጠው ይሠልጥኑ፤ ለሚያስተምሩበት ሰዓት ይከፈላቸው፤ የሕሙማን ጭነታቸውም በዚያው ልክ ይቀነስ። ለአንድ አሠልጣኝ ከሁለት ወይም ከሦስት ተማሪ በላይ አይሰጥ። ይህ ማለት በዓመት የሚገባው ተማሪ ጥቂት ይሆናል ማለት ነው፤ ይሁን። ስድሳ ተቀብሎ እኔ የሠራሁትን ስሕተት የሚደግሙ ስድሳ ከማስመረቅ አሥራ አምስት ይሻላል።

ለጤና ሚኒስቴር በተለይ የምለው ስለ መደቡ ነው። አብረውኝ ከተመረቁት መካከል ሙያውን ትተው የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ፣ ሌላ ትምህርት የጀመሩ፣ ከአገር የወጡ አሉ። ሰነፎች አልነበሩም፤ አንዷ ከእኔ ብዙ ትሻል ነበር። በተመደቡበት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አልነበረም፤ ካርድ ክፍል፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ የትም ሲያሠሯቸው ከረሙ። የዶክትሬት ተመራቂ የሚቀጠርበት የሥራ ደረጃ፣ ደመወዝና የኃላፊነት ዝርዝር ሳይጸድቅ ሥልጠናው ከተጀመረ ይኸው በከፍተኛ ወጪ ይደገማል። በየዞኑ ሆስፒታል አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ የመራመጃ ዘንግ፣ ምንጣፍና የመገጣጠሚያ መለኪያ ይበቃል፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው።

መጠሪያውን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው። ተመራቂው ደረቱ ላይ በሚለጥፈው ካርድ ላይ «የፊዚዮቴራፒ ዶክተር» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ራሱንም ሲያስተዋውቅ እንዲሁ ይበል። ሕመምተኛው መድኃኒት የሚያዝለትንና እንቅስቃሴ የሚያስተምረውን የመለየት መብት አለው። ከዚህ ያለፈ ክርክር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የዶክትሬት ሥርዓተ ትምህርት ስትቀርጹ ወይም ስታሻሽሉ ረቂቁን ከመጽደቁ በፊት በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ለምንሠራ ባለሙያዎች አሳዩን። በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተማሪው በሕሙማን አጠገብ የሚያሳልፈው ሰዓት፣ በስንት አሠልጣኝና በየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ በቁጥር ተጽፎ እንድናየው ይሁን። የነባር ባለሙያዎች ማሸጋገሪያም ከዋናው ሥልጠና ጋር አብሮ ይጽደቅ እንጂ «በሚቀጥለው ምዕራፍ ይታያል» ተብሎ አይለፍ። ለውይይት ከተጠራሁ ያን የቡና ተሸካሚ ፈቃዱን ጠይቄ አብሬው እመጣለሁ፤ በከዘራም ቢሆን ደረጃ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር

በጅማ ከተማ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት